አልጋ ላይ ያደረ መንግሥት

ከቁም ሣጥኑ አናት፣ ከብርድ ልብሱ በላይ፣
ሰባት ካርቶን አለ፣ እናቴ እንዳታይ
በፎጣ የሸፈንኩት።
አይታዋለች ግን። «ሦስት ልጅ ወልደህ
ከጠጠር አልወጣህ፣ ምን ይሻላል ጉድህ!»
ትላለች ስትገባ። መልስ የለኝም ለሷ፤
ሽምብራውን ያበደረች እሷው ናት ራሷ።

በመጣን በወሩ፣ ከካራቫኑ ሰፈር፣
አባቴ ሥራ ፈቶ፣ አዲሱን ቋንቋ ሲያፍር፣
የእንቁላል ካርቶን አወጣ ከጓዳ፣
አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ ሳይቆፈር የተሰናዳ።
አርባ ስምንት ሽምብራ፣ አራት አራት አርጎ፣
«ና ቁጭ በል» አለኝ፣ ተጋጣሚ ፈልጎ።
በዚያ ዓመት አባቴ ያሸነፈው ነገር
እኔን ብቻ ነበር።

ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት። አልጋው ከጎኔ፣
ግሪሻ የሚሉት ልጅ፣ ዕብራይስጡ እንደኔ
ስብርብር ያለ።
በፖስተር ጀርባ ላይ ካርታ ሣልን በእስክሪብቶ፣
ተራራ፣ ወንዝ፣ ቅጥር፣ ንጉሥ ነግሦ፣ ሞቶ፤
ሕጉን ለማስረዳት ቃል እያነሰን
በጣት ተነጋገርን፣ ዳይስ እየዳኘን።
ያ ካርታ ነው ዛሬም፣ በፕላስተር ተጠግኖ፣
የምንዋጋበት፣ ጸጉራችን መንምኖ።

እሱ መብራት ሠሪ፣ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር፣
ከአፉላ ቤትሸአን ስወርድ ስዞር፤
ፋንታሁን፣ አልበርትም ከሥራ ሲገኙ፣
ሐሙስ ማታ ብቻ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣
አራት ንጉሥ ወጥ ቤት በካልሲ ሲገናኙ፣
ወታደር ቢጠፋ የአፉላ ሱፍ ይሾማል፤
አልበርት ሲርበው ግን ሹሙን ይቆረጥማል።

ገበታና ገበጣ በአንድ ፊደል ይለያል፤
በኛ ቤት በአንድ ሌሊት። ሲነጋ ይለወጣል፦
የሺራ ሂሳብ፣ የኖዓም ሙጫ፣ ያልተከፈለ የውሃ ቢል፣
የሕፃኗ ገንፎ።
ዝናሽ አትጫወትም። «የሰው ባል ይጠጣል፣
የኔው ይጠጥራል»
ትላለች ለእህቷ በስልክ። ይሰማኛል።
ከቀልዱ ሥር ያለው ጠጠርም ይሰማኛል።

ጥፋትም አለብኝ።
ሺራ በትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ዝናብ ሆና፣
ሩዝ በቆርቆሮ እያንሿሿች ስትፈልገኝ በዓይኗ፣
እኔ ከተማ ከብቤ ነበር።
ከተማዋም አልተያዘች።

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣
የግሪሻ ስልክ ጮኸ፣ አቋርጦ ወጋችንን።
«ሚሉኢም» አለ፣ ጫማውን እየፈለገ፤
ዳይሱን ከመዳፉ ካርታው ላይ አደረገ።
«ተራዬን አትንኩ።» በሩ ተዘጋ።
ሰሌዳው አደረ፣ እንደ ተዘረጋ።

ዓርብ ከፈረቃ ስገባ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣
ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ዳቦ፣ የሰንበት ብርጭቆ።
ልቤ ዱብ አለ።
«የት አለ?»
ዝናሽ በአገጯ ወደ መኝታ ቤት ጠቆመች።

አልጋችን ላይ ነበር፤ ትራስ ሳይቀር ተነሥቶ፣
ካርታው፣ ቅጥሩ፣ ጦሩ፣ እንደ ንጉሥ ተኝቶ።
እሷ በአንድ ጫፍ፣ ልጆቹ በሌላው ይዘው፣
በጠባቡ ኮሪደር እንደ ቃሬዛ ተሸክመው
ትንፋሽ ሳይተነፍሱ አሳልፈውታል።
«አንድ ፈረሰኛ ወድቆ ነበር» አለ ኖዓም፣ «መልሼዋለሁ።»
ቦታው እዚያ አልነበረም።
አልነገርኩትም።

ሌሊቱን ከልጆቹ ወለል ላይ ተኛን፣
አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሰው፣ የሱፍ ልጣጭ ሲወጋን።
«የግሪሻ የቱ ነው?» አለችኝ በጨለማ።
«ቀዩ። ወንዙን የተሻገረው፣ ወደ ከተማ።»
«እየተሸነፈ ነው?»
«አላውቅም። ተራው የሱ ነው።»
ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።
«እንግዲያው» አለች፣
«እስኪመጣ አልጋው አይነካም።»